ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ቤት ውስጥ ኮክቴል፦ በ150 ዶላር ምን ልግዛ?

የአሌክሳንድሪያዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ዲሴምበር 31 ማታ ጓደኞቼንና የሥራ ባልደረቦቼን ቤት ጠርቻለሁ። በጠቅላላው 14 ሰው እንሆናለን። አራቱ አልኮል አይነኩም። ከሚጠጡት አሥሩ ደግሞ ሦስቱ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። መጠጡን ይጠጣሉ፤ ወተትና እንቁላል ያለበትን ግን አይቀምሱም።

ሌላ ጊዜ ቢራና ወይን ደርድሬ እገላገላለሁ። ዘንድሮ ኮክቴል አምሮኛል። ለመጠጡ የመደብኩት 150 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ኪሴ አይፈቅድም። ሊከር ስቶር ገብቼ ግድግዳው ሙሉ ጠርሙስ ሳይ ግራ ገብቶኝ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ስንት ጠርሙስ፣ ከየትኛው ዓይነት ልግዛ? ርካሹና ውዱስ በእርግጥ ይለያያሉ? ሼከር (መጠጥ መናጫ ዕቃ) የለኝም፤ የግድ ነው? ቤት ውስጥ ያለኝ ጥሩ ማር፣ የሻይ ቅመምና ከአዲስ አበባ የመጣልኝ ግማሽ ጠርሙስ ኡዞ ነው። በነሱ የሚሆን ነገር ካለ ንገሩኝ።

ከባንኮኒው ጀርባ

እህቴ፣ እኔ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው።

የሚጠጣው አሥር ሰው ነው። ለአንዱ ሦስት ሦስት ብርጭቆ ብትይ 30 ብርጭቆ ይሆናል። በየብርጭቆው ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አልኮል ይገባል። ስለዚህ ከ1,350 እስከ 1,800 ሚሊ ሊትር ያስፈልግሻል። መደበኛው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሦስት ጠርሙስ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጂን፣ አንድ በርበን (የአሜሪካ ውስኪ)፣ አንድ ተኪላ። በቃ። ብዙ ዓይነት ከዘረጋሽ እንግዳው ምርጫ ይበዛበታል፤ አንቺም ከወጥ ቤት ሳትወጪ ዓመቱ ይለወጥብሻል።

ስለ ርካሽና ውድ የጠየቅሽው እንደ መጠጡ ዓይነት ይለያያል። ቮድካ ላይ ለስምና ለጠርሙስ ውበት አትክፈዪ። ጭማቂና ስኳር ከገባበት በኋላ ማንም አይለየውም። ጂን ላይ «ሎንደን ድራይ» የሚል ካየሽ ጥሩ ነው። የግድ ለንደን የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ከተጣራ በኋላ ጣዕምም ሆነ ማጣፈጫ አልተጨመረበትም ማለት ነው። ጎርደንስ በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ትንሽ ከጨመርሽ ቢፍኢተር። ሁለቱም ሎሚ ሲገባባቸው ጣዕማቸው አይጠፋም።

በርበን ላይ ኢቫን ዊሊያምስ ጥቁሩ ወይም ጂም ቢም ለመቀላቀል ይበቃሉ። ጠርሙሱ ላይ «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል በቅናሽ ካገኘሽ አትለፊው። በ1897 ከወጣ ሕግ የመጣ ነው። ቢያንስ አራት ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየና 50 በመቶ አልኮል ያለው መሆን አለበት። ጠንካራ ስለሆነ በረዶና ጭማቂ አያጠፉትም።

በጣም ርካሹን የማልመክርሽ ተኪላ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ «100% አጋቬ» የሚል መጻፍ አለበት፤ አጋቬ ተኪላ የሚሠራበት ተክል ነው። ያ ከሌለ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ከሌላ ስኳር የመጣ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ምላስ ላይ ይታወቃል። ኤስፖሎን ወይም ሉናዙል ተመጣጣኝ ናቸው። ነጩን ግዢ።

የተረፈሽን ገንዘብ ሎሚና በረዶ ላይ አውዪው። የ20 ዶላር ጂን አሁኑኑ በተጨመቀ ሎሚ፣ የ50 ዶላሩን ጂን በጠርሙስ ጭማቂ ያስንቀዋል። ይሄን በየቀኑ የማየው ነው።

ቆጣቢ

እኔም ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው ኤቢሲ በሚባሉት የግዛቱ መንግሥት መደብሮች ብቻ ነው። ዋጋው በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ነው፤ ስለዚህ ከሱቅ ሱቅ አትንከራተቺ። በየወሩ የሚወጣውን ቅናሽ ግን እዪ። ዲሲ ያሉት ሱቆች የግል ስለሆኑ ዋጋቸው ይለያያል፤ ማወዳደር የሚያዋጣው እዚያ ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው ካውንቲው ራሱ ነው።

ትልቁ 1.75 ሊትር ጠርሙስ በሚሊ ሊትር ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። በ45 ሚሊ ሊትር ሲለካ ወደ 39 መለኪያ ይወጣዋል። ግን ሌሊቱ አልፎ ለወራት የምትጠጪው ካልሆነ ርካሽ አይባልም። ሌላው፣ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሚጢጢ ጠርሙሶች አሉ። ጂን ትወጂ እንደሆነ ካላወቅሽ መጀመሪያ በሷ ቅመሺ።

በመጨረሻው ቀን አትሂጂ። በበዓል ዋዜማ ቀደም ብለው ሊዘጉ ይችላሉ፤ ሰልፉም ሌላ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ

ተባረኩ። ግን ቮድካ ሳይኖር ይሆናል? አንዷ ጓደኛዬ «ሎንግ አይላንድ ካልሠራሽ አልመጣም» ብላኛለች። በተኪላው የሚሠራው ማርጋሪታስ የብርቱካን ሊከር (ጣፋጭ አልኮል) አይፈልግም?

ከባንኮኒው ጀርባ

ለሎንግ አይላንድ ቮድካ፣ ጂን፣ ነጭ ሩም፣ ተኪላና ትሪፕል ሴክ (የብርቱካን ሊከር) ያስፈልግሻል። አምስት ጠርሙስ ለአንድ ብርጭቆ! በ150 ዶላር አይታሰብም። መጠጡ ይቅር፤ ጓደኛሽ ያለሱም ትመጣለች ባይ ነኝ።

ማርጋሪታ ላይ ግን ትክክል ነሽ፤ በተለምዶ ብርቱካን ሊከር ይገባዋል። ኳንትሮ 40 በመቶ አልኮል ያለው ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የአንድ ጠርሙስ ተኪላ ዋጋ ይበላብሻል። ርካሹ ትሪፕል ሴክ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልኮሉ ጥቂት፣ ስኳሩ ብዙ ነው። ሁለቱንም ተዪያቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቶሚስ የሚባል ምግብ ቤት ሊከሩን አውጥቶ በአጋቬ ሽሮፕ ተክቶታል፤ አሁን በዓለም ባሮች የታወቀ ነው። 60 ሚሊ ተኪላ፣ 30 ሚሊ የአረንጓዴ ሎሚ ጭማቂ፣ 15 ሚሊ አጋቬ ሽሮፕ። አጋቬ ከሌለሽ ማርሽን በውኃ አቅጥኚው።

የብርጭቆውን አፍ በጨው ስትቀቢ ግማሹን ብቻ ቀቢ፤ ጨው የማይወድ በሌላው በኩል ይጠጣል። ጨዉ ላይ ቁንጥር ሚጥሚጣ ጣል አድርጊበት። የሐበሻ እንግዳ ይወደዋል፤ ፈረንጁን ግን አስጠንቅቂው።

ናና በሎሚ

የኔ ቆንጆ፣ ማርና የሻይ ቅመም ካለሽ ግማሽ መንገድ ሄደሻል። የሽሮፕ ጠርሙስ እንዳትገዢ።

ማሩን እንዳለ ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አትጨምሪ። እንደ ሙጫ ብርጭቆው ሥር ተጣብቆ ይቀራል፤ ላይ ላዩ ኮምጣጣ፣ ታች ታቹ ጣፋጭ ይሆናል። አንድ ኩባያ ማር በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ አሟሚው፤ መፍላት የለበትም። ከጂንና ከቢጫው ሎሚ ጋር ሲሆን ፈረንጆቹ «ቢስ ኒስ» ይሉታል። ለአሥር ብርጭቆ አንድ ጆግ እንዲህ አዘጋጂ፦

600 ሚሊ ጂን፣ 225 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 225 ሚሊ የማር ሽሮፕ፣ 200 ሚሊ ቀዝቃዛ ውኃ።

ውኃው አያስደንግጥሽ። መጠጥ ሲናጥ በረዶው ሟሙቶ ይገባበታል፤ አንቺ ስለማትንጪው ያንን ቀድመሽ ትተኪያለሽ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪውና ሰው ሲመጣ በረዶ ላይ ቅጂ። ለጭማቂው ስድስት ወይም ሰባት ቢጫ ሎሚ ይበቃል። የሚጨመቀው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ ያደረ የሎሚ ጭማቂ ይሞታል። ልኬት ከሌለሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ነው፤ 225 ሚሊ ደግሞ ከአንድ የአሜሪካ ኩባያ ትንሽ የጎደለ።

ለበርበኑ ሻይሽን ተጠቀሚ። አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ ቀረፋ፣ ሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድና የተፈነከተ ሄል አፍዪ። ከእሳት አውርደሽ ሁለት የሻይ ከረጢት ንከሪበት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ካቆየሽው ይመራል። አውጪና አንድ ኩባያ ስኳር አሟሚበት። ካልኩሽ በላይ ቅርንፉድ አትጨምሪበት፤ አንድ ሁለት ፍሬ ሲበዛ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል።

45 ሚሊ በርበን፣ 20 ሚሊ ከዚህ ሽሮፕ፣ 20 ሚሊ ሎሚ፣ በበረዶ ናጪው። ብርድ ከሆነ ደግሞ በረዶውን ትተሽ የፈላ ውኃ ሙዪበት። ዲሴምበር ላይ ከውጭ ለሚገባ እንግዳ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

አንጋፋው

ልጄ፣ ምን አደከመሽ? እኔ ዲሲ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው። ከሐበሻ ግሮሰሪ ጠጅ ትገዣለሽ፤ ውስኪውን በበረዶ ታቀርቢያለሽ፤ ቀረ። ይሄ ሁሉ ማንኪያና ሚሊ ሊትር መድኃኒት ቤት አስመሰለሽ እኮ።

የአሌክሳንድሪያዋ

ጋሼ፣ እርስዎ ቢመጡ በመጀመሪያ የምቀዳልዎት ውስኪ ነው። ልጆቹ ግን ፎቶ የሚነሱበት ነገር ካልያዙ አይሆንላቸውም።

ከባንኮኒው ጀርባ

የጋሼ ሐሳብ አይጣልም። በርበኑን በበረዶ ብቻ የሚወድ እንግዳ ሁልጊዜ አለ፤ የተወሰነ አስቀሪለት። ጠጁንም ቢሆን መቀላቀል ይቻላል። 90 ሚሊ ጠጅ፣ 30 ሚሊ ጂን፣ 15 ሚሊ ሎሚ፣ በረዶ። እዚህ አገር በጠርሙስ የሚሸጠው ጠጅ አብዛኛው ጣፋጭ ስለሆነ ማር አትጨምሪበት።

ጾመኛዋ

ስለ ጾም ያሰብሽው ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው ይረሳል። ቤይሊስ ክሬም አለበት፤ ኤግኖግም ስሙ እንደሚናገረው እንቁላል አለበት። «ሳወር» የሚባሉት ውስጥ ደግሞ አረፋ እንዲሠሩ የእንቁላል ነጭ የሚጨመርባቸው አሉ። በቪዲዮ ያየሽውን ሁሉ አትከተዪ። እስካሁን የተጻፉልሽ ግን ሁሉም የጾም ናቸው።

ለማይጠጡት አራት ሰዎች የስፕራይት ቆርቆሮ ሰጥተሽ እንዳታልፊያቸው። ካርካዴ አፍዪ፣ አጥልዪው፣ በስኳር አጣፍጪው፣ አቀዝቅዢው። ሲቀርብ ሎሚና ሶዳ ውኃ። ቀለሙ ከኮክቴሉ ሁሉ ይበልጣል። ወይም ብርዝ በጥብጪ። ከሁሉ በላይ ጆጉን ለይተሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፤ «አልኮል የለውም» ብለሽ ለጥፊበት። ልጆች ካሉማ የግድ ነው።

ቆጣቢ

ልጨምር፣ ኮክቴል ላይ የሚንጠባጠበው ቢተርስ የሚባለው መራራ ቅመምም አልኮል ነው። አንጎስቱራ የሚባለው ቢተርስ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ለማይጠጣ ሰው ሳትጠይቂ እንዳታንጠባጥቢ። በነገራችን ላይ ትንሿ ጠርሙስ ከአሥር ዶላር በላይ ነች፤ እኔ ብሆን አልገዛትም።

ከባንኮኒው ጀርባ

እዚህ ላይ አልስማማም። ካሉት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያላት እሷ ነች፤ በአንድ ብርጭቆ ሁለት ጠብታ ነው የሚገባው፤ ዓመት ትቆያለች። ኦልድ ፋሽንድ ያለሷ አይሆንም። 60 ሚሊ በርበን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ሁለት ጠብታ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ልጣጩን መጠጡ ላይ ጨመቅ አድርጊው፤ ዘይቱ ሲረጭ ይታይሻል፤ ሽታው ግማሽ ጣዕሙ ነው። በጀቱ ከጠበበ ግን እሺ፣ ተዪያት።

ቬርሙት ግን ለአንድ ሌሊት አትግዢ። ወይን ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ እዚያም ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ይደክማል። ሰው ቤት ስሄድ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ የማየው ጠርሙስ ሁልጊዜ እሱ ነው።

ሼከሩን በተመለከተ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማርማላታ ወይም የቃሪያ ብርጭቆ ይበቃል። ሽታው እንዳይኖር እጠቢው እንጂ። ሁለት ሦስተኛውን በረዶ ሙዪ፣ መጠጡን ጨምሪ፣ አጥብቀሽ ዝጊ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል በደንብ ናጪ። ከውጭ ነጭ ጤዛ ሲሠራና እጅሽን ሲያቃጥልሽ ደርሷል። በሻይ ማጥለያ ቅጂው። ጭማቂ ያለበት ይናጣል፤ ንጹሕ አልኮል ብቻ የሆነው ይማሰላል። ጋዝ ያለበት ነገር በፍጹም አይናጥም፤ ክዳኑ ጣራ ይነካል።

ቦሌ

ከአዲስ አበባ ነው። ኡዞውን አትርሱት እንጂ! ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሪበት፤ ደመና መስሎ ይነጣል። ኡዞ ጣዕሙን የሚያገኘው አኒስ ከሚባል ቅመም ነው፤ የአኒሱ ዘይት አልኮል ላይ ይሟሟል፤ ውኃ ሲበዛበት ግን አይሟሟም፤ ለዚያ ነው። እንግዳ ፊት ብታደርጊው ትርኢት ነው። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስቀምጪው፤ ፍሬ ፍሬ ሊሠራ ይችላል። ጣዕሙ ጉልበተኛ ስለሆነ ኮክቴል ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጂን፣ ሎሚ፣ ሶዳ ውኃና ጥቂት ኡዞ ሞክሪ።

እኛ እዚህ ጂን በስፕራይት ወይም ጂን በአምቦ ውኃ ነው። ቱርቦም አለ፤ ቢራ፣ ነጭ ወይንና ስፕራይት በአንድ ጆግ። ርካሽ ነው፣ ግን ጉልበቱ ቀስ ብሎ ነው የሚይዝሽ። ደግሞ የኛ ሎሚ ትንሽና ኃይለኛ ነው፤ እዚያ ያለው ትልቁ አረንጓዴ ሎሚ ለስለስ ይላል። ያገሩን ሽታ ከፈለግሽ «ኪ ላይም» ተብሎ በትንሽ መረብ የሚሸጠውን ፈልጊ። እሱን ስትጠቀሚ ማሩን ትንሽ ጨመር አድርጊ።

መንገደኛው

ጥያቄውን ልጠጋና፣ እኔ ጋ ከደብረ ብርሃን የመጣልኝ አረቄ አለ። በጂኑ ፈንታ ቢገባስ?

ከባንኮኒው ጀርባ

ወንድሜ፣ አይሆንም። የቤት አረቄ ጥንካሬው እንዳወጣችው ሴት እጅ ይለያያል። ዳግም አረቄ ከሆነማ ጭራሽ። በጆግ ስትቀላቅለው ሰው ምን ያህል እንደጠጣ ማወቅ አይችልም። አወጣጡን የማታውቀው ከሆነ ደግሞ ለእንግዳ ጨርሶ አይቀርብም። ያመንከው ሰው ያወጣው ከሆነ በትንሿ መለኪያ፣ ብቻውን፣ ለሚያውቀው ሰው።

የአሌክሳንድሪያዋ

እሺ፣ ወሰንኩ። ጂን፣ በርበን፣ ነጭ ተኪላ፤ በግምት 70 ዶላር። አሥር ቢጫና አሥራ አምስት አረንጓዴ ሎሚ፣ ሁለት ብርቱካን፣ ሶዳ ውኃ፣ ጂንጀር ቢር (የዝንጅብል ለስላሳ)፣ ካርካዴ። አንጎስቱራዋንም ጨምሬ 130 አካባቢ ይወጣል። ቶኒክ ልጨምር? በረዶስ የፍሪጁ ይበቃኛል?

ናና በሎሚ

ቶኒክ ከጂን ጋር ጥሩ ነው፤ ግን ስኳር ስላለው በሶዳ ውኃ ፈንታ አትጠቀሚበት፤ ማሩ ላይ ሲደረብ ይከብዳል። ጂንጀር ቢሩን ከበርበንና ከአረንጓዴ ሎሚ ጋር አድርጊው። ስትገዢ ጂንጀር ኤል እንዳታነሺ፤ እሱ ቀለል ያለ ነው፣ ዝንጅብሉ አይሰማም። ምግቡንም ከመጠጡ አስቀድሚ። ሳምቡሳው ሞቅ ብሎ ይጠብቃቸው።

ቆጣቢ

መኪና ይዞ የሚመጣውን ከወዲሁ ጠይቂ። እዚህ ለሾፌር የሕጉ ወሰን በደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ነው፤ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ያንን ሊያደርስ ይችላል። ሶፋሽ ላይ የሚያድር ካለ ብርድ ልብስ አዘጋጂ፤ የቀረው በኡበር ይሂድ።

ከባንኮኒው ጀርባ

የፍሪጁ በረዶ በፍጹም አይበቃም። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ፓውንድ አስቢ። ለ14 ሰው ሁለት የአሥር ፓውንድ ከረጢት ግዢ፤ በቀሪው 20 ዶላር ይሸፈናል። አንዱን ለብርጭቆ፣ ሌላውን ጠርሙስ ለማቀዝቀዝ። ሁለቱን አታደባልቂ፤ ጠርሙስ የተነከረበት በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም። የአሳና የሥጋ ሽታ ካለበት ፍሪዘር የወጣ በረዶም መጠጡን ያበላሻል፤ ለዚህም ነው የተገዛው የሚሻለው። ጆጎቹን ፍሪጁ ካልያዘልሽ ብርዱ ካለ በረንዳ ላይ ክደኚያቸው። በረዶውን ግን ጠዋት ገዝተሽ አታስቀምጪ፤ ማታ፣ እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት አንዱን ሰው ላኪ።